ከሻንሲው ላይ የተገፈፈው ቀለም

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

ይላጣል። ራሴ በጥፍሬ ሞከርኩት። እኛ ፋብሪካ ተሠርቶ ከሶዳው ሐይቅ የተመለሰው ተሳቢ፣ የሻንሲው ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሣ። ሥሩ ዝገት ብቻ። ሾፌሩ፣ "እህቴ፣ ገና ዝዋይ ሳልደርስ ነው የጀመረው" አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

የቀለም ክፍል ኃላፊያችን ጓድ ሽመልስ አይቶ እንዳላየ አለፈ። ያኔ በሰኔ የሌላ ተሳቢ ቀለም ሲላጥ ግን ስብሰባ ጠርቶ "አሻጥር ነው!" ብሎ ጮኸ። ጣቱን ባሌ ላይ ቀሰረ። በቀለ የቀለም ማብሰያው ምድጃ ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ስብሰባ ወጥቶ ቤቱ አልገባም። ይኸው እስር ቤት ነው፤ ቀለሙ ግን ያለሱም ይላጣል።

ማክሰኞ

ማን እንዳበላሸው እኔ አውቃለሁ፤ ሁላችንም እናውቃለን። ብረቱ በአሸዋ ተፍቆ፣ የታችኛው የዱቄት ቀለም ተነፍቶ ይበስላል፤ ከዚያ የላይኛው ይደረባል። ለአብዮት በዓል ኮታው ይድረስ ብሎ አሸዋውን ያስቀረ ሽመልስ። በቀለ "አልበሰለም፣ ተዉት" ሲል "አውጣ!" የሚለው ሽመልስ።

ሐሙስ ከሚኒስቴር እንግዶች ይመጣሉ አሉ። ሊያዩ የሚመጡት አዲሶቹን ሻንሲዎች ነው። እንደ መስታወት ያበራሉ። የተሠሩት ግን እንደዚያው ነው።

እኔ ደግሞ አጣቢ ነኝ። የውሃው ጎማ በእጄ ነው።

ረቡዕ

ፈራሁ። እኔንም አሻጥረኛ ቢሉኝስ? ልጆቹን ማን ያይልኛል? እህቴ ሻሸመኔ ናት፣ የራሷ ልጆች ይበቋታል።

ከሰዓት በኋላ ሽመልስ መጣና፣ "አስቴር፣ ነገ ነጠላሽን ልበሺ። ለእንግዶቹ አበባ የምትሰጪው አንቺ ነሽ" አለኝ። ባሌን አስበልቶ አበባ!

"እሺ ጓድ" አልኩት። ፍርሃቴ ጥሎኝ ሄደ።

ሐሙስ

አበባውን ሰጠሁ። ሽመልስ ሻንሲውን እየደባበሰ፣ "ድርብ ቀለም ነው፤ ሶዳም ጭቃም አይደፍረውም" ይላል።

"ጓድ፣ እዚህ ጋ ጭቃ ነክቶታል። ላጥበው?" አልኩ ጮክ ብዬ። በእንግዶች ፊት ምን ይበል?

ጎማውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። መጀመሪያ ምንም። ይበልጥ አስጠጋሁት። ከዚያ ብየዳው ጋ ትንሽ አረፋ ተነሣች፤ ውሃው ሥሯ ገባ፤ ቀለሙ እንደ ጨርቅ ተገፍፎ መሬት ላይ ተዘረረ።

"አሻጥር ነው!" አለ ሽመልስ። "በቀለ የሚባል የምድጃ ሠራተኛ..."

"የት አለ?" አሉ ሽማግሌው እንግዳ።

"ታስሯል ጓድ። ከሰኔ ጀምሮ" አለ ሽመልስ።

"ይህስ መቼ ተቀባ?"

ሽመልስን ቀድሜ እኔ መለስኩ። "ባለፈው ሳምንት ነው፣ ጓድ።"

ሰው ሁሉ ሽመልስን አየ።

ዓርብ

ጠዋት በላንድሮቨር ወሰዱት። እልል ማለት አማረኝ፤ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ። ከሰኔ ወዲህ እንደ ዛሬ ምሳ በልቼ አላውቅም።

እሑድ

ስንቅ ይዤ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። በአጥሩ በኩል ሁሉን ነገርኩት። ይስቃል፣ ይመርቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "የተላጠው የላይኛው ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም?" አይለኝም!

"ሁለቱም።"

"አዎ፤ አሸዋ ካልነካው እንዲያ ነው" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሽመልስን እኛ ክፍል ነው ያስገቡት። ሲንቀጠቀጥ አደረ። ከብርድ ልብሴ አካፈልኩት" አለኝ።

እንባዬ መጣ፤ የንዴት ነው። "ለሱ?"

"ምን ላድርግ? ጎኔ ነው የተኛው። ነገ ስንቁን ጨመር አድርጊው።"

ዘበኛው ባይኖር እጮህበት ነበር። የበቀለ ጉዳይ እንደገና ይታያል ብለዋል፤ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስንቁን አልጨምርም። ለአንድ ሰው ነው የምቋጥረው፤ በቀለ ከፈለገ ከጉርሻው ይስጠው። እኔ ግን ለዚያ ሰው ብዬ እሳት አላነድም።