ጩኸት ሲያሳድዱ የኖሩት እኅታችን

ሁላችንም «መርማሪዋ» እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እኅታችን ከአባታቸው ከሰዓት ጠጋኙና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ጥር 3 ቀን 1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንጫጩ እኛ ጆሯችንን እንደፍናለን፤ እሳቸው ግን ጩኸቱን የትኛው ብርጭቆ እንደጀመረው ሳያውቁ እህል አይቀምሱም ነበር።

ትምህርታቸውን በሰፈራችን ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ በፊዚክስ እስከ ሁለተኛ ዲግሪ ደረሱ። በ1977 ዓ.ም. ከበሮ ከሚያስተምሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንድ ሴት ልጅ አፍርተዋል። ጸጥታ ፈላጊና ከበሮ መቺ እንዴት አንድ ጣሪያ ሥር እንደኖሩ ለጎረቤት እስከ ዛሬ እንቆቅልሽ ነው።

በ1983 ዓ.ም. በስበት ሞገድ መለኪያ ጣቢያ ተቀጠሩ። እጅግ ሩቅ ባለ ሰማይ ግዙፍ ከዋክብት ሲጋጩ ሕዋው ራሱ በጥቂቱ ይርገበገባል፤ ጣቢያው ያንን በጨረርና በመስታወት ያዳምጣል። ታዲያ መሣሪያው የመኪና ሞተሩንም የነፋሱንም ሽውታ አብሮ ይሰማል። የእሳቸው ሥራ ረባሹን ድምፅ ከነምንጩ ማደን ነበር። ለዚህም ራሳቸው ይረብሻሉ፤ ወለሉን በእግራቸው ይደልቃሉ፣ ቧንቧውን በጎማ መዶሻ ይመታሉ። መሣሪያው ከደነገጠ ጥፋተኛው እዚያው አካባቢ ነው ማለት ነው።

ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ጡረታ ሳይወጡ አንድ እውነተኛ ሞገድ መስማት። አባታችን እስኪያርፉ ድረስ «ሰማዩ ዛሬም ዝም አለሽ?» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታቸው ሲቃረብ አንዲት ጥዝ የምትል ድምፅ መሣሪያውን አደነቆረችው። ማቀዝቀዣው ተዘጋ፣ ፓምፑ ተቀየረ፤ ድምፂቱ ግን ወይ ፍንክች! አለቃቸው ተስፋ ቆርጠው ከነድምፁ ማዳመጥ እንጀምር አሉ። እኅታችን የአንድ ሳምንት ጊዜ እንዲሰጣቸው ለምነው፣ በሆዳቸው እየተሳቡ ጥጋጥጉን ሁሉ ፈተሹ። ምንጩም ተገኘ፤ ረባሽ ድምፅ እንዲለካ ብለው ራሳቸው ያስቀመጡት ሣጥን ውስጥ ያለች ትንሽ ማራገቢያ! ስብሰባው መሐል ገብተው «ሌባዋ ተይዛለች፤ እኔው ነኝ» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ሣጥኑ በተነሣ በወሩ፣ ያች ድምፅ ሸፍናው በነበረው የድምፅ ቅጥነት እርከን ላይ ሲጠብቁት የኖሩት ሞገድ መጣ። ስልክ ደውለው አለቀሱ። እኛም ነገሩ ሳይገባን አብረን አለቀስን፤ ሲገባን ደግሞ ቤቱን በጭፈራ አደባለቅነው።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኛን ወንድሞቻቸውን ትተው ሄደዋል። በጣም ይናፍቁናል።

በመጨረሻ ሰሞናቸው አደራ ብለውናል፤ «ዕድሜ ልኬን ጸጥታ ስለምን ኖሬአለሁ፣ ጠግቤዋለሁ። ቀብሬ ላይ ሕፃናቱን ዝም በሉ የሚል ሰው እንዳይኖር።»

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበልልን። እናንተም ልጆቹን አሁን ልቀቋቸው፤ ይሩጡ፣ ይንጫጩ።