ፖርት ቤል ላይ ባዶ የተውኩት አዝማች

ውድ ሚልኪያስ፣

በወረቀት የምጽፍልህ ስልክ ላይ ስለምታቋርጠኝ ነው። ገና "እሁድ ለት..." ከማለቴ "ኦኬ፣ ኦኬ፣ ገባኝ" ትለኛለህ። ምንም አልገባህም! የቶሌራ አጎት ነገ ናይሮቢ ስለሚሄድ ደብዳቤውን በሱ እልከዋለሁ። ወረቀትን ኦኬ ብለህ አትዘጋውም፣ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ፦ አሸንፈናል! የእሁድ ከሰዓት መድረክ የኛ ነው። አሁን ከመጀመሪያው ላውራልህ፣ ምክንያቱም አንተም አለህበት።

ኪቦርድህን እንደ ሕፃን አቅፈህ የናይሮቢ ባስ ውስጥ ስትገባ ያልከኝ ትዝ ይልሃል? "ሰኚ፣ በየቦዳ ሞተር ሳይክሉ የሚጮኸውን ዘፈን ለአራት ሰው ጃዝ አድርጌ አቀናብራለሁ የምትይውን ነገር ተይው። ትምህርቱን ከሁለተኛ ደረጃ፣ ከሲኒየር ቱ ጥለሽ ወጣሽ፣ ኖታ አታነቢ፣ አንድም ነገር ጀምረሽ አትጨርሺ።" እኔም በመስኮት አንድ እግር ጫማዬን ወረወርኩብህ። ጫማው ናይሮቢ በሰላም ገባ አይደል? መልስልኝ፣ ግማሹ ብቻውን ምን ያደርግልኛል?

አንተ በሄድክ በሳምንቱ እትዬ አስቴር ፖርት ቤል ወደብ ባለው አሳ ቤታቸው ውስጥ ሰበሰቡን። "ልጆቼ፣ እናንተ ስትጫወቱ ሰዉ ስልኩን ነው የሚያየው። አንዲት እሁድ ልስጣችሁ። በሷም ሰዉ ካልነቃ ዲጄ አመጣለሁ" አሉ። ጋሽ ወልደየስ ትራምፔታቸውን በጨርቅ መጠቅለል ጀመሩ። ታውቃቸዋለህ፣ እዚህ ከተማ ከዚያች መድረክ ሌላ የሚነፉበት ቦታ የላቸውም። እንደዛ ሲጠቀልሉ ሳይ ደሜ ፈላ። ኖታ አላነብም፤ ጆሮ ግን አለኝ።

ልምምዳችን አሁንም ዋንዴገያ ሰፈር፣ የመንሱር ፎቶ ኮፒ ቤት ጓሮ ነው። ጎረቤት ድራም ስለማይወድ መንሱር የወረቀት ካርቶን በብሩሽ ይመታል። አንድ ቀን የዩኒቨርሲቲ ልጆች ተሰልፈው ኮፒ ሲያስደርጉ፣ ያቺን የሉጋንዳ ቋንቋ ዘፈን እያስጮኸ አንድ ቦዳ አለፈ። ማሽኑ ደግሞ በራሱ ጊዜ "ሽክ... ሽክ-ታግ፣ ሽክ... ሽክ-ታግ" ይላል። ዘፈኗ በማሽኑ ፍጥነት ብትሄድስ? "መንሱር፣ እንደ ማሽኑ ምታው!" አልኩት። ካርቶኑ "ሽክ-ታግ" ሲል ጠጉሬ ቆመ።

ከዚያ የእያንዳንዱን ድርሻ በአፌ እየዘፈንኩ በቮይስ ላክሁላቸው። የዘፋኙን ዜማ፣ በግማሽ ፍጥነት ቀስ አድርጌ፣ ለጋሽ ወልደየስ። "ይሄ እኮ የመንገድ ጫጫታ ነው" ብለው ነበር፤ ሲነፉት ግን ሁለተኛ አላጉረመረሙም። ያንን ደረት የሚያንቀጠቅጠውን ቤዝ ለቶሌራ ሰጠሁት። ቦዳ እየነዳ በኢርፎን ሲያጠና፣ ናጉሩ ሰፈር አድርሰኝ ያለችውን ሴትዮ ፖርት ቤል አወረዳት። ስድቧንም በምቱ ነው የሰማሁት ይላል። እኔ በሳክስፎኔ ከትራምፔቱ ስር ስር እሄዳለሁ። የቀረው አዝማቹ ነበር።

አዝማቹ ደግሞ ያንተ ነው። ስትቀልድ እንኳን በቀኝ እጅህ የምትነካካት እሷን ነበር። ጋሽ ወልደየስ "እኔ ልንፋት" አሉ። ቶሌራ "ሳክሱ ይውሰዳት" አለ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ "የሚልኪያስ ናት! ማንም አይነካትም!" ብዬ ጮህኩ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ሚልኪያስ እኮ ናይሮቢ ነው" አለ መንሱር።

"እና? ባዶ ትሁን! ቤዝና ካርቶን ይሂዱ፣ ሌሎቻችን ዝም እንላለን።"

"ልጄ፣" አሉ ጋሽ ወልደየስ፣ "ሰው ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቃትን ከልክለሽ ምን ልትሰጪው ነው?"

"ይጠብቃ!"

እውነቱን ልንገርህ? ለሙዚቃው ብዬ አልነበረም። ናፍቀኸኝ ነው፣ በቃ።

እሁድ ደረሰች። ቤቱ ሙሉ ነው፣ ሰዉ አሳውን እየበላ ስልኩን ይጎረጉራል። ጀመርን። ጋሽ ወልደየስ ዜማዋን ቀስ አድርገው ሲያወጧት ማንም አላወቃትም። አንዱ ጮክ ብሎ "ዲጄው መቼ ነው የሚመጣው?" አለ። አዝማቹ ላይ ስንደርስ ዝም አልን። ቤዝና ካርቶን ብቻ። ባዶ! ጥግ ያሉት ሳቁ። እትዬ አስቴር እጃቸውን አጣጥፈው ያዩኛል። ላብ በጀርባዬ ወረደ፣ ሚልኪ። ያኔ ብትኖር እኮ አቅፌህ ነበር የማለቅሰው፣ ከዚያ እመታህ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ሲቃረብ ጋሽ ወልደየስ ሊያድኑኝ ትራምፔቱን ወደ አፋቸው መለሱ። "እንዳያስቡት!" አልኳቸው፣ በዓይኔ። አወረዱት። ያቺ ባዶ ቦታ መጣች። ቤዝ፣ ካርቶን፣ ቤዝ... ድንገት ከኩሽና ድምፅ ወጣ!

ናንሱቡጋን ታስታውሳታለህ፣ አሳ የምትጠብሰዋን? ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አዝማቿን ዘፈነቻት። እንደኛው ቀስ ብላ፣ አንድም ቦታ ሳትስት። "እንዴ! ይህቺ እኮ ያቺ ናት!" የሚል ሁካታ ተነሳ። ዲጄ የጠየቀው ሰውዬ አሳው ከእጁ ወደቀ።

ሦስተኛው ዙር ላይ ባዶ ቦታ የሚባል ነገር አልቀረም። ስልኩ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተደፋ። የሳቁብኝ ልጆች ቆመው ያጨበጭባሉ። ከጀልባ ጭነት የሚያወርዱት ሰዎች ጆንያ ተሸክመው ከውሃው ዳር አዝማቿን ይቀበላሉ። አንተ ኪቦርድ ላይ አስር ጣት ነበረህ፣ ወንድሜ። እኔ አንድ ሙሉ ወደብ ነበረኝ!

ደጋግመው አስደገሙን። ስንጨርስ እትዬ አስቴር መጡና፣ "ያችን ቦታ ባዶ ያደረግሻት አውቀሽ ነው?" አሉኝ። "አዎና!" አልኩ። ምን ልበል? እዚያው እፊቴ ለዲጄው ደውለው "ወንድሜ፣ እንዳትለፋ" አሉት። ጋሽ ወልደየስ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሴ ላይ ደፉት።

"ማን ነው እንዲህ ዝም ማለት ያስተማረሽ?"

"ሚልኪያስ" አልኳቸው። "ሄዶ።"

ኮፍያውን አልመለስኩም። ትራምፔቱንም ጨርቅ አልነካውም፤ እቅፋቸው ውስጥ እንዳለ ነው ታክሲ የተሳፈሩት። ይኸው አንድ ነገር ጨረስኩ።

አሁን ሌላ ዘፈን እየበታተንኩ ነው። ከመጣህ ቦታ አለህ፣ መግቢያውን ለቀኝ እጅህ እያሰብኩለት ነው። ያቺን አዝማች ግን እርሳት፣ ለወደቡ ሰው ሰጥቻታለሁ። እሷ ላይ ስንደርስ እጅህን ጭንህ ላይ አድርገህ፣ እንደኛ ዝም ብለህ ትሰማለህ። ማን እንደሚያለቅስ ያኔ እናያለን።

ጫማዬን ይዘህ ና።

እህትህ ሰኚ፣
አሁንም ኖታ የማታነበው