የቤቱ አራሽ

ቆቦ፣ ሰኔ 7 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለልጄ ለአስረሳሽ
መተከል ሰፈራ ጣቢያ

ልጄ፣ አላገባሁም። ሮቢት ያለችው የአክስትሽ ልጅ በላይነሽ «እናትሽ አራጌን አገባች» ብላ እንደጻፈችልሽ ራሷ ነገረችኝ። የአራጌ በሬ በእኔ በረት ማደሩ እውነት ነው። አራጌ ግን የሚያድረው በራሱ ቤት ነው። ሁለተኛ ስትጽፍ ማን የት እንደሚያድር ለይታ ትጻፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየካቲት የእርዳታ ድርጅቱ በድርቁ ከብታቸው ላለቀባቸው ቤቶች አንድ አንድ በሬ ሰጠ። ለእኔ አንድ ቀይ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ለጎረቤታችን ለአራጌ አንድ ቡሬ ደረሰን። በአንድ በሬ ስለማይታረስ አቀናጀናቸው። አባትሽ ካረፈ በኋላ ባለፈው ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ የደረሰኝ ማሽላ እስከ ፋሲካ እንኳ አልዘለቀም። ዘንድሮ አራጌ ሁለት ቀን ለራሱ፣ አንድ ቀን ለእኔ ያርሳል፤ በሬዎቹን ማብላትና ማጠጣቱ የእኔ ነው። ምርቴን የሚካፈለኝ የለም። ዝናቡ ካልከዳን ከቀለቤ ተርፎ የምሸጠው ይኖረኛል።

ባለፈው እሑድ ግን የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ አስነሣኝ።

«እማማ ወሰንየለሽ፣ በሬ የተሰጠው ከቤተሰቡ አራሽ ላለው ቤት ነው። የእርስዎ ቤት አራሽ ማን ነው?»

«መሬቱ ታርሷል፤ ሄደህ እየው» አልሁት።

«እስከሚመጣው እሑድ አራሽ ካላስመዘገቡ በሬው ለሌላ ይዛወራል።»

አራጌ ከኋላ ተነሣ። «እኔን መዝግቡኝ!»

ኡሙሃኒን ታውቂያታለሽ፣ አፏ አይገታም። «አንተ አራጌ፣ የፈለግኸው በሬውን ነው ሴትዮዋን?» አለችው።

«በሬው እንደሆነ እሷ ካላበላችው አይበላም! ለብቻው ወስጄ ምን ላድርገው?»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስንመለስ፣ «በስብሰባ መካከል እንዲህ ይቀለዳል?» ብዬ ገሠጽሁት።

«አልቀለድሁም፣ ወሰን» አለኝ።

መሪጌታው አጎቴ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ፣ ያላሰብሁበትን ቃል ካወጣሁ ይቀጡኝ ነበር። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብዬ አሰብሁ። ለበሬ ተብሎ አይጋባም። በሬው ከሄደ ግን መሬቴ ተመልሶ ለእኩል ነው፤ አራጌም በአንድ በሬ ይቀራል። ደግሞ ጨዋ ሰው ነው፤ ከእርሻ ሲመጣ እግሩን ሳይታጠብ ደጄን አይረግጥም። በዚያ ክፉ ቀን ጉልበት ያለው ሰው ሲጠፋ፣ የአባትሽን መቃብር የቆፈረው እርሱ ነው። ይህን የጻፍሁት እንድታውቂው ብቻ ነው።

የቆላው ወባ አይንካሽ። ባልሽንና ልጆችሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ፤ ዓይንሽን ሳላይ አይውሰደኝ።

ነገ እሑድ ነው። መጀመሪያ በሬዎቹን አጠጥቼ አገዳ እሰጣቸዋለሁ። ቀጥዬ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ። ከዚያ ነጩን ነጠላዬን ሳልቀይር ከአራጌ ጋር ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። ምን ብለን እንደምንመዘገብ ለእርሱም ገና አልነገርሁትም።

እናትሽ
ወሰንየለሽ