እማዬ የሳቀችበት እሑድ

አባዬ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ቡራዩ እንደምታውቃት ጭቃዋን ይዛ ነው። በቤታችን ፊት ለፊት የሚያልፈውን መንገድ ሊያሰፉት ቆፍረውት እስካሁን አልደፈኑትም። አጥራችንን ወደ ውስጥ ስለገፉት የተከልከው ኮክ ከግቢ ውጭ ቀርቷል፣ ፍሬውን መንገደኛ ነው የሚለቅመው። አጣና ትሸጥበት የነበረው ቦታ ላይ ብረት በያጅ ገብቶበታል። ሰውዬው ደግ ነው፣ በዚያ ሳልፍ "የኦቦ ተሾመ ልጅ" እያለ ሰላም ይለኛል። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። ሙት ዓመትህ ከወጣ በኋላ የእድሩ ሴቶች መጥተው ለምነዋት ነበር፤ አዳምጣቸው፣ እስከ በር ሸኝታቸው፣ በዚያው ጥቁሯ ተመልሳ ገባች።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን ስለ አንድ ቀን ነው። አንተ ያላየኸው ቀን ነው፣ በሞትክ ማግስት፣ ዴልሂን ብቻዬን ስዞር የዋልኩበት እሑድ።

ለልብህ ኦፕራሲዮን ስንሄድ ሁለታችንም አውሮፕላን ተሳፍረን አናውቅም ነበር። ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ በመሆኔ እንግሊዝኛ ትችላለች ተብሎ እኔ ተመረጥኩ። ሆስፒታሉ አጠገብ በተከራየናት ክፍል መስኮት ላይ ቆመህ መንገዱን ስታይ፣ "እነዚህ ባጃጆች ከቡራዩ ተከትለውን መጡ እንዴ?" ብለህ አሳቅከኝ። ዓርብ ሊያስገቡህ ሲሉ ደግሞ በር በሩን እያየሁ እንዳልቀመጥ፣ ወጥቼ አገሩን እንዳይ አዘዝከኝ። ሰው ህንድ ድረስ መጥቶ የሆስፒታል ግድግዳ ብቻ አይቶ አይመለስም አልከኝ።

ኦፕራሲዮኑን ተርፈኸው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ስትነቃ ገብቼ እጅህን ይዣለሁ። ከሰዓት በኋላ ግን ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ፤ የሚለውን ሁሉ ሰማሁት፣ ገባኝም፣ ግን ቋንቋው የሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር። መጀመሪያ የደወልኩት ለወንድምህ ለኦቦ ለማ ነው። መሞትህን ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን አጽንተው ለእናቴ ምንም እንዳልነግራት አስጠነቀቁኝ። ደም ግፊት አለባት፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ናት፣ እህቷ ከተፍኪ መምጣት አለባት።

"መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እንገባለን። እስከዚያ ከደወለች ደህና ነው በያት" አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። እንዴት እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

እሑድ ቢሮው ሁሉ ዝግ ነው። አንተን ወደ አገር ለማስገባት የሚያስፈልገው ወረቀት ከሰኞ በፊት አይጀመርም፤ አንተ ያለህበት ቦታ ደግሞ እኔን አያስገቡኝም። ክፍሉ ውስጥ ጫማህ አልጋው ሥር ነበር፣ ሹራብህ ወንበሩ ላይ። ተቀምጬ ለማልቀስ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም። ግድግዳው ወደ እኔ የሚጠጋ መሰለኝና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ወጥተሽ እዪ ያልከኝን ልፈጽም ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ጫማህን ማየት አልቻልኩም ነበር።

የቤቱ አከራይ ቅርብና ቆንጆ ነው ብላ የጠቆመችኝ ቦታ ነበር፣ በባቡር ሄድኩ። የፊተኛው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ ነው። ባለ ቀለም ልብሳቸውን ለብሰው ጥፍራቸውን እያዩ፣ እየሳቁ፣ እየተኙ ይሄዳሉ። ማንም አላየኝም፣ ደስ አለኝ። ከባቡሩ ወርጄ ትኬት ቆርጬ ገባሁ። ሰፊ የአትክልት ቦታ ነው፣ መሐል ለመሐል ውሃ የሚሄድበት ቦይ አለው፣ አረንጓዴ በቀቀኖች ዛፍ ለዛፍ ይጯጯሃሉ። ከፊት ለፊት ነጭ ጉልላት ያለው ትልቅ ቀይ ሕንፃ ቆሟል። ቤተ መንግሥት መስሎኝ ደረጃውን ወጣሁ። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ አንድ ነጭ ድንጋይ ብቻ ተጋድሟል። ዘበኛውን ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። መቃብር ነው አለኝ። የንጉሥ መቃብር ነው፣ ያሠራችለት ሚስቱ ናት፣ በየጎኑ ባሉት ክፍሎችም ስማቸው የማይታወቅ ብዙ ሰዎች ተቀብረዋል አለኝ። ፎቶ ላንሳሽ ወይ ብሎም ጠየቀኝ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ ነው ስልኬ የጠራው። እማዬ ነበረች።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጎመን እየከተፈች ነው፣ የቢላው ድምፅ ይሰማኛል። እንዴት አደረ አለችኝ። ደህና አደረ አልኳት። የሚጮኸው ምንድን ነው፣ የት ነሽ አለችኝ። በቀቀን ነው፣ አባዬ አገሩን እዪ ብሎኝ ወጥቼ ነው አልኳት። አባዬ፣ ድምፅዋ ወዲያው ተለወጠ። ልጁን ለሽርሽር የሚልክ ሰው ድኗል ብላ አሰበች። እስኪ ያየሽውን ንገሪኝ አለችኝ፣ ቢላውን ስታስቀምጥ ሰማሁት።

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ነገርኳት። በር ላይ ጦጣ የአንዱን ሰውዬ ዳቦ ነጥቆ አጥር ላይ ወጥቶ እያየው ሲበላ እንዳየሁ ነገርኳት። ለሴት ብቻ የሆነ ፉርጎ እንዳለ ነገርኳት።

"ወንዶቹን ምን አጥፍተው ነው የለዩአቸው?" አለችና ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ የምትስቀውን፣ እስኪያስላት ድረስ የምትስቀውን ሳቅ። ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል ከተባልክ ጀምሮ እንዲያ ስትስቅ አልሰማኋትም ነበር። ከዚያ አንተን እንዳገናኛት ጠየቀችኝ።

ተኝቷል አልኳት።

"ይተኛ፣ አትቀስቅሺው። ለበሽተኛ እንቅልፍ መድኃኒት ነው" አለችኝ።

ስልኩን ስዘጋ ያ ከቅዳሜ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ መጣ። አንድ ቤተሰብ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር፤ ልጃገረዶቹ ከእኔ ጋር ፎቶ ለመነሳት ስልካቸውን አውጥተው እየቀረቡ ሳለ ፊቴን አይተው ቆሙ። አያታቸው መሰሉኝ፣ አንዲት አሮጊት አልፈዋቸው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። አንድም ቃል አንግባባም። እጄን ያዙ። ቆይተው ከዘንቢላቸው ድንች የተጠቀለለበት ቂጣ አውጥተው ሰጡኝ። ከቅዳሜ ጠዋት ወዲህ አልበላሁም ነበርና ሁሉንም በላሁት። አባዬ፣ አንተ እዚያ ቀዝቃዛ ቤት ተኝተህ እኔን ራበኝ። ያ አሳፈረኝ። ሴትዮዋ ግን ሁለተኛውንም ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲያ የሄድኩባቸውን መንገዶች ስማቸውን አላውቅም። ገበያ ገባሁ። ለመግነዝህ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ፈለግኩ፣ ሆስፒታሉ ባለበሰህ እንድትመጣ አልፈለግኩም። ነጋዴው ቀዩንና ወርቃማውን እየዘረጋ ለወጣት ሴት ነጭ አይሆንም፣ በቀዩ ሙሽራ ትመስያለሽ ይለኛል። ነጩን ብቻ እያሳየሁት ቆምኩ። ነገሩ ሲገባው ቀዩን ሰብስቦ ጠቀለለ፣ ከዚያ በኋላ ዓይኔን አላየም።

ሰኞ ንጋት ላይ ኦቦ ለማና ሽማግሌዎቹ የቤታችንን በር አንኳኩ። እማዬ ከመጮኋ በፊት መቼ ብላ እንደጠየቀች አክስቴ ነግራኛለች። ቅዳሜ አሏት።

ሬሳህን ይዤ ስገባ ቦሌ የካርጎው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል፣ እሷ ዓይኗ ደርቋል። ልታቅፈኝ መስሎኝ ስጠጋ አፏን ወደ ጆሮዬ አምጥታ፣ "ባሌ ሞቶ አሳቅሽኝ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ገፈርሳ ቀብረንህ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ሙት ዓመትህ እስኪወጣ ድረስ ስለዚያ እሑድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ስለ ጨው እናወራለን፣ ስለ ውሃ መጥፋት እናወራለን። ከአክስቴ ቤት ደውዬ አክስቴ ተኝታለች ብላት እንኳ "ቀስቅሺና አሰሚኝ" ትለኛለች።

ባለፈው ሳምንት ዝናቡ ሁለታችንንም ቤት አዋለን። ምስር እየለቀምን ነበር። እጇን አቆመችና ኦቦ ለማ ለለቀስተኛው የተናገሩት እውነት ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሁላችንንም መርቀህ፣ በሰላም እንዳለፍክ ነበር የተናገሩት። ያኔ እሺ እንዳልኩት አሁንም አዎ ማለት እችል ነበር።

"አይደለም እማዬ" አልኳት። "አልመረቀንም። ፈርቶ ነበር።"

ሁሉንም ነገርኳት። አማርኛህ ጠፍቶብህ በእናትህ ቋንቋ ብቻ ታወራ እንደነበር፣ እጄን ጨምቀህ "መነቲ ነጌሲ፣ መነቲ ነጌሲ" እንዳልከኝ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ ማለትህ እንደነበር፣ እኔም እሺ እሺ እያልኩ ሳለ ነርሶቹ እንዳስወጡኝ። እማዬ ምስሩን ከጭኗ ላይ አወረደች። ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፣ ለቀብርህ ያላለቀሰችውን። ሲበርድላት ቀና ብላ አየችኝ።

"አንቺስ?" አለችኝ። "አንቺስ አልፈራሽም ነበር?"

እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። በጣም ፈርቼ ነበር አልኳት። ጋቢዋን ገልጣ አጠገቧ አስቀመጠችኝ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ተቀመጥን።

ይቅር ብላኛለች አልልህም። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስትስቅ አልሰማኋትም፣ ምናልባትም ዳግመኛ አልሰማት ይሆናል። ስለ አንተ ግን ከእንግዲህ አሳምሬ አላወራም። ነገ ልጆች ወልጄ አያታችን እንዴት ነበር ቢሉኝ፣ ሞትን ፈርተህ እንደነበር፣ ፈርተህም ቤትህን እንደጠራህ፣ ዘግይተንም ቢሆን ቤትህ እንዳመጣንህ እነግራቸዋለሁ። እኔም አንተ ወዳለህበት እስክመጣ ድረስ እንደነበርክ አድርጌ እይዝሃለሁ፣ አባዬ።

ልጅህ ጫልቱ