ጡቡን የደረደርኩት እኔ ነኝ

ለውድ ወንድሜ ለይስማው፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ፣ ብርዱ ሲገባ አሁንም ይይዛታል? እህታችን አበባና ልጇ ቃለአብስ ደህና ናቸው? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ የሸኸዲ ሰው ሁሉ እንዴት ከርሟል? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ከአካል ሌላውን አትጠይቀኝ፣ እታች ትደርስበታለህ።

በሞቴ፣ ይህን ወረቀት ብቻህን ሆነህ አንብበው። ለእማዬም ቢሆን ድምፅህን አውጥተህ እንዳታነብላት። ስልክ ያልደወልኩት አጥቼ አይደለም። እናንተ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ፣ ድምፁን ለቃችሁ፣ ተሰብስባችሁ ነው የምትሰሙኝ። እትዬ ወሰንየለሽም የልጇን ድምፅ ልትሰማ አጥር ተሻግራ ትመጣለች። ለዚህ ነው በጋላባት በኩል ለሚሻገረው ለማሩ ወረቀት የሰጠሁት።

ይስማው፣ ልጇ በላይነህ የለም። ካረፈ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ጦርነቱ ከካርቱም ከወጣ ወዲህ ሰው ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው። ጋራዡ ተቃጥሏል፣ መካኒኩም ተሰዷል። መኪናው የተረፈለት ሰው ሁለት ዓመት አቧራ ለብሳ የቆመችውን ማስነሳት ይፈልጋል። እኔና በላይነህ ክሪክና ቁልፍ ተሸክመን፣ ከሰፈራችን ከማዮ እየተነሳን፣ በየቤቱ ዘይት እንቀይር ነበር። "ሐበሾቹ መጡ" እያሉ በደስታ ነበር የሚቀበሉን። አልሐምዱሊላህ ብለን እንገባለን፣ አልሐምዱሊላህ ብለን እንወጣለን።

ስሯ ከመግባታችን በፊት መኪናዋን የምናሳርፍባቸው ሁለት ባለ ሦስት እግር ብረቶች ነበሩን። የዚያን ቀን የተጠራነው ቡሪ የሚባል ሰፈር ነው። መንገዱ ሩቅ፣ ብረቱ ከባድ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። ስንነሳ በላይነህ ብረቱን ያዝክ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ቀባጣሪው ምን አልኩት? "ተወው ባክህ፣ ከተማው ሙሉ መኪና በጡብ ላይ ቆሞ የለም እንዴ!" እውነትም ነበር። ዘራፊዎች ጎማቸውን ፈትተው የወሰዱባቸው መኪኖች በየመንገዱ ዳር በጡብ ላይ ተቀምጠው ሁለት ዓመት ሞላቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። እሱም ሳቀና "እሺ ጋሼ" አለኝ። ሲያሾፍብኝ እንደዚያ ነበር የሚለኝ።

ባለቤቱ ገማል የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሆሹ፣ ግቢያቸው ማለቴ ነው፣ አሸዋ ነው። ከፈረሰው አጥራቸው ቀይ የጭቃ ጡብ ለቀምኩ። ክሪኩን ሳንቃ ላይ አድርጌ የመኪናዋን ፊት አነሳሁ። በግራና በቀኝ ጡቡን የደረደርኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ በምጽፍልህ እጄ። ለኋላ ጎማዎቿ ታኮ እንኳ አላደረግኩም። በላይነህ ስሯ ገባ። ዘይቱ የሚፈስበት የኮፓው ቡሎን ዝጎ ኖሮ እምቢ አለው። ቁልፉ ላይ ሰክቶ ጉልበት ሊጨምርበት ቧንቧ አቀብለኝ አለ፣ አቀበልኩት። ሲጎትት መኪናዋ ተነቃነቀች። ያኔ ውጣ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን "በርታ፣ ያላ፣ ሊፈታ ነው" አልኩት። ሁለተኛ ሲጎትት ጡቡ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ፣ ክሪኩም ተንጋደደ።

ጮኾ እንኳ አልሰማሁትም። ከመንገድ ከገቡ ሰዎች ጋር ተጋግዘን መኪናዋን አነሳንለት። እዚህ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሐኪም ፍለጋ ስንከንፍ መንገድ ላይ አረፈ። ሽማግሌው ገማል እንደ ልጃቸው አለቀሱለት፤ የሚገነዝበትን ነጭ ጨርቅ ያመጡት እሳቸው ናቸው። እዚህ የቀረነው የአገር ልጆች ስድስት ሆነን ቀበርነው። ዳዊት የሚደግምለት ሰው ተገኘ፣ ፍትሐት ግን አልደረሰለትም።

አሁን ነው የገባኝ። እነዚያ መኪኖች ከጡባቸው ያልወደቁት ማንም ስላልነካቸው ነው። ማንም ስራቸው ተኝቶ አልታገላቸውም። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል እኮ!

ያንተም ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ባለፈው በስልክ አሮጌዋን ፒካፕ በድንጋይ አንስቼ ዘይቷን ራሴ ቀየርኩ ብለህ ስትፎክር ጎበዝ ብዬህ ነበር። ምላሴን በቆረጠው! በድንጋይ ማቆምን ያስተማርኩህም እኔው ነኝ፤ አሁን እርሳው። የእኛ ግቢ ዋልካ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ክሪክ ይውጣል። ሁነኛ የብረት ማቆሚያ እስክታገኝ ጉድጓድ ወዳለው ጋራዥ ውሰዳት። ስታገኝም ጠንካራና ደልዳላ መሬት ፈልግ፣ ማርሽ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቿን በታኮ አግድ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ብረቱ ላይ ካሳረፍካት በኋላ በሁለት እጅህ ገፋ አድርጋት፣ ከተነቃነቀች አትግባ። ብቻህን ደግሞ በጭራሽ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አይደለም።

የቀረው መርዶው ነው። አርባው ሳያልፍ ለእትዬ ወሰንየለሽ ነፍስ አባት ንገር፣ ፍትሐቱንም እዚያ ያድርሱለት። ጎረቤቱ በማለዳ ተሰብስቦ እንደ ወጉ ያርዳት። ግን የመጣ አደጋ ነው ብላችሁ እንዳትሸፋፍኑልኝ። ስንወጣ የሁለታችንን እጅ ይዛ "አንተ ታላቅ ነህ፣ በላይነህን አደራ" ስትለኝ አንተም ቆመህ ሰምተሃል። አደራ በላ ሆንኩ፣ ወንድሜ። ስሜን ጠርታ "ሰማኸኝ የት ነበር?" ብላ መጠየቋ አይቀርም። እዚያው አጠገቡ ነበር በላት። ጡቡን የደረደረው እሱ ነው በላት። ትርገመኝ እንጂ አትታለል።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ለጊዜው ደህና ነው በላት። አበባን ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ቃለአብን ጉንጩን ሳመው፣ መኪናዋ ስር ሲጫወት እንዳላይ ብሎሃል በለው። ለእትዬ ወሰንየለሽ በደወልኩ ቁጥር "ልጅሽ ደህና ነው፣ ይኸው ከጎኔ አለ" ብዬ ነበር ሰላምታዬን የምጨርሰው። ዛሬ በምን ልጨርሰው?

ወንድምህ ሰማኸኝ
ካርቱም፣ ማዮ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.