ከእማዬ አፍ የወጣው ብረት

ቦንጋ፣ ጥር 2001 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ፈለቀ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው እንጂ ዛሬስ አፌ ላይ የመጣው ሌላ ቃል ነበር። ጤንነትህን አልጠይቅህም። ደህና መሆንህን ከዋጫ የመጣ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። ሁለተኛውን ክሊኒክ ቀለም እያስቀባህ ነው አሉ፤ ለምርቃቱም እማዬን ይዤልህ እንድመጣ ልከህብኛል። መልሴን በስልክ ልነግርህ ስደውል «ታካሚ ይዣለሁ፣ መልሼ እደውላለሁ» እያልክ ትዘጋዋለህ። ወረቀት መሀል ላይ አይዘጋም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ፖስታው ውስጥ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አለ። እሱን መጨረሻ ላይ ትፈታዋለህ።

እማዬ የፊት ጥርሷን የሰበረችው አንተ አምስተኛ ክፍል ሳለህ ነው። ከጓሮ እንሰት ተሸክማ ስትገባ ጭቃው አንሸራትቷት ደፉ ላይ በአፏ ተደፋች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ እጇ አፏ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዳ እንኳ ስታለቅስ ትሸፍነው ነበር። አንተ ያኔ «ተምሬ እሠራልሻለሁ» አልካት፤ እሷም ይህንን ለሰፈሩ ሁሉ ነገረች። ሌላው ሰው ልጁ ፓይለት እንዲሆን ሲመኝ የኛ እናት የጥርስ ሐኪም ተመኘች። የጥርስ ህክምና ደረሰህ የተባለ ጊዜ ከደስታዋ ብዛት ጎረቤቱን ጠርታ ማር አበላች። ይህን የማነሳው ልቤ ስለራራልህ እንዳይመስልህ። ማን ላይ እንደሠራኸው እንድታስታውስ ነው።

የእማዬን ጆሮም ታውቀዋለህ። ልጅ ሆና ከሺሺንዳ ገበያ ገዝተው ባደረጉላት ጉትቻ ጆሮዋ መግል ይዞ ስንት ወር እንደተሰቃየች ሁልጊዜ ስትነግረን ነው ያደግነው። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከብር በስተቀር ጆሮዋ ላይ የሚያርፍ ነገር የለም፤ ባለ ሱቋ ራሕመት እንኳ እማዬን ስታይ የአርቴፊሻሉን ሳጥን ገፋ አድርጋ የብሩን ነው የምታወጣላት። እኔ ሥራ እንደያዝኩ የገዛሁላት የእጅ ሰዓትስ? ሳምንት ሳይሞላው አንጓዋ ተልጦ ውሃ ቋጠረ። የሰዓቱን ጀርባ በፕላስተር የለጠፈላት ማን ነው? አንተ ነህ። ፕላስተሩ ባረጀ ቁጥር ልጠህ በአዲስ የምትቀይርላት አንተ ነበርክ። ስለዚህ «አላወቅሁም» እንዳትለኝ። ሌላ ሐኪም ይበል፤ ያምርበታል። አንተ ግን አትችልም።

ተመርቀህ የመጣህ ሰሞን ደግሞ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ትንንሽ ብረቶች ዘርግተህ ስታስተምረኝ አመሸህ። ክራውን የሚባለው የጥርስ ቆብ ከላይ ፖርሴሊን፣ ከውስጥ ብረት እንደሆነ፣ ፖርሴሊኑ በቀላሉ እንዳይሰበር ብረቱ እንደሚሸከመው ነገርከኝ። አንዱን አነሳህና ይሄ ኒኬል ያለበት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለመሥራት ይቀላል፣ የትም ላብራቶሪ አይጠፋም፣ ርካሽ ጉትቻና ሰዓት ውስጥም ያለው እሱ ነው፣ ነገር ግን ሰውነታቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉ አልክ። ሌላው ወርቅ ያለበትና ከኒኬል የጸዳ፣ ከድድ ጋር የሚስማማ ነበር፤ እሱ በትእዛዝ ነው የሚመጣው አልከኝ። እኔ የአራተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ ግን በደንብ ገባኝ። ለእማዬ የትኛውን እንደምታደርግ ጠየቅሁህ።

«ለእማዬማ ይሄኛው ነው። ምን ጥያቄ አለው?» አልከኝ።

ወርቅ ያለበትን ይዘህ ነው ይህን ያልከው። አይቼሃለሁ።

ከዚያ ሚሊኒየሙ መጣ። ከተማው ሁሉ የሚመረቅ ነገር ፍለጋ ሲሯሯጥ አንተም ክሊኒክህ በዚያው ሰሞን ካልተመረቀ ሞቼ እገኛለሁ አልክ። ከዞን ሪባን የሚቆርጥ ሰው ተጋበዘ፣ ድንኳን ተጣለ። እማዬ በር ላይ ቆማ እንግዶቹን እየሳቀች እንድትቀበል፣ ከዚያም እንድትመርቅ አንተ ራስህ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባሃት። ጥርሷን ሞረድክ፣ ልኬቷን ወስደህ አዲስ አበባ ላብራቶሪ ላክህ፣ ምርቃቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ክራውኑን ገጠምክላት። ማማሩንስ አማረ። ቀለሙ ከጎኑ ካለው ጥርስ አይለይም ነበር። የእማዬ እጅ ከአፏ ወረደ፤ እኔም ጥግ ይዤ አለቀስኩ። ፎቶ አንሺው ያን ጊዜ ያነሳትን ነው አሳድገህ ታፔላ ላይ የሰቀልከው። «ፈለቀ የጥርስ ክሊኒክ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ፣ የአልጋ ትራስ በሚያክል ፊት፣ እናታችን ዋናው መንገድ ላይ ትስቃለች።

ድዷ መቆጣት የጀመረው ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ አላወቅሁም፤ አንድ ቤት እየኖርን ደበቀችኝ። ቆሎ ተወች፣ ሥጋ ተወች፣ ቆጮውን በወተት እያለሰለሰች ትውጥ ጀመር። ስጠይቃት «እድሜ ነው» ትለኛለች። አንድ ቀን ፎጣዋ ላይ ደም አይቼ በግድ አፏን ሳስከፍታት ከክራውኑ በላይ ያለው ድድ ጠቁሮና አብጦ አገኘሁት፤ ከንፈሯም ከውስጥ ቆስሏል። ለምን ዝም እንዳለች ስቆጣት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ልጇ የሠራው ጥርስ አመማት ከተባለ ማን ወደ እሱ ይሄዳል?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክሊኒክህ ይዣት መጣሁ። ገበያ ስለነበር ወረፋው እስከ በረንዳው ደርሷል። አፏን በባትሪ አየህ። አንድ ጊዜ፣ ፈለቀ። ውሃ ቀድቶ ለመጠጣት የሚፈጀውን ያህል እንኳ አላየሃትም። ከዚያ ታካሚው ሁሉ እየሰማ፣

«እማዬ፣ ጥርስሽን በደንብ አትቦርሺም ማለት ነው። ካልጸዳ ድድ ይቆጣል» አልካት።

እሷም አንገቷን ደፍታ «እሺ ልጄ» አለች። ያቺ ሴት የገጠር ሴት ናት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆሻሻ ናት ተባለች፣ ያውም በሐኪም፣ ያውም በልጇ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት በቡሩሽ፣ ቀን በመፋቂያ፣ ማታ ደግሞ በጨው ውሃ ትፈትገው ጀመር። የታጠበችበት ውሃ ቀይ ሆኖ ነበር የሚደፋው። ስከለክላት ሐኪም ያዘዘውን ልታስጥዪኝ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። አንተ ሁለተኛውን ክሊኒክ ልትከፍት ዋጫ ሄደህ በየጊዜው ስትደውል «እየተሻለኝ ነው» ትልህ ነበር፤ አንተም አመንካት፤ ማመኑ ተስማማህ።

ኅዳር ላይ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ አልቅሼ ጅማ ወሰድኳት። ያየቻት ወጣት ሐኪም ናት፤ ዶክተር ዝማሬ ትባላለች። መጀመሪያ ያየችው ጥርሷን አልነበረም፤ አንገቷን ቀና ስታደርጋት ጆሮዋን አየች። «ጆሮዎን ምን ነክቶዎት ነው እናቴ?» ብላ ጠየቀቻት። እማዬም የጉትቻውን ነገር ነገረቻት፤ እኔ የሰዓቱን ጨመርኩ። ዶክተሯ መሣሪያዋን አስቀመጠችና ክራውኑ ከምን ብረት እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው ጠየቀች።

ያን ጊዜ እናትህ ያደረገችውን ልንገርህ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረችና፣ ዶክተሯ እንዳትሰማ በቋንቋችን በካፊኖኖ፣

«ስሙን እንዳትጠሪ። ልጄን ሥራ እንዳታስፈቺው» አለችኝ።

ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞራ በአማርኛ፣ የሠራልኝን ሰው አላውቀውም፣ መንገደኛ ነው አለች። ቁስል በቁስል ሆና ለአንተ ዋሸች። ዶክተሯም እንዲህ ያለ ሰው መጠየቅ አለበት ስትል እማዬ እጄን ይዛ ትጨምቀኝ ነበር። እኔም ስምህን ዋጥኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፌን የከበደኝ ቀን የለም።

ከግቢው ወጥቼ ደወልኩልህ። ኒኬል አለበት ወይስ የለበትም ብዬ ጠየቅሁህ። መጀመሪያ በር ስትዘጋ ሰማሁ። ቀጥለህ፣

«ዙፋንዬ፣ ጥሩው ብረት አልደረሰም ነበር። ምርቃቱ ደግሞ ቀኑ ተቆርጧል። ያው የተለመደውን ሥሩት አልኳቸው። ብዙ ሰው እኮ ምንም አይሆንም» አልከኝ።

እውነትህን ነው፤ ዶክተሯም ይህንኑ ነግራኛለች። ብዙ ሰው እድሜ ልኩን አፉ ውስጥ ይዞት ይኖራል፣ ምንም አይሰማውም። እማዬ ግን ብዙ ሰው አይደለችም። የሰዓቷን ጀርባ በፕላስተር የለጠፍክላት ሴት ናት። ለሪባን ብለህ፣ ለአንድ ቀን ጭብጨባ ብለህ፣ ወር መታገሥ አቅቶህ ያንን ብረት ድዷ ሥር ከተትከው። ይህ ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል እል ነበር። ድዷ ሲያብጥ ግን ምክንያቱን ታውቅ ነበር። እያወቅህ «አትቦርሺም» አልካት። ይህንን ምን ብዬ ልጥራው? ስሙን አንተ አውጣለት። እነሆ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁልጊዜ ታካሚ ይዘሃል።

ዶክተሯ ክራውኑን ቆርጣ አወጣችው። ከሥሩ የቀረው ጉቶ ተናግቶ ስለነበር እሱም አልተረፈም። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ደረቀ፤ ያ ጥቁር ያበጠ ድድ ሮዝ ሆነ። አሁን ቆሎ ትቆረጥማለች። ይህ ደስ ሊልህ ይገባል፤ እኔንማ ደስ ብሎኛል።

ግን በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በታፔላህ ሥር ታልፋለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ አንገቷን ደፍታ ነው የምታልፈው። በቀደም እትዬ በዛወርቅ አንዴ ወደ ላይ ታፔላውን፣ አንዴ እሷን እያዩ ጥርሱ የት እንደሄደ ጠየቋት። «እኔ በደንብ ሳልይዘው ቀርቼ ወለቀ። ልጄ ሌላ ሊሠራልኝ ነው» አለቻቸው። አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያ እስከ ቤታችን ድረስ መንገዱን ሙሉ ስለ አንተ ዋጫ መሄድና ስለ ብርዱ ነው ያወራችው።

እንግዲህ የላክህብኝን መልስ ልስጥህ። እማዬን ይዤ ለምርቃት አልመጣም። ያን ታፔላ ሠራተኛ ሳትልክ፣ ራስህ መሰላል ላይ ወጥተህ ታወርደዋለህ። ዋጫ ላይ ወንበርህ ላይ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ፣ ምርቃትም ይኑር ባለሥልጣንም ይምጣ፣ ጥርሱን ከመሞረድህ በፊት ጉትቻና ሰዓት ምን እንደሚያደርገው ትጠይቀዋለህ። አንድ ጥያቄ ናት፤ ጥርስ ከመሞረድ ትቀላለች።

አሁን ጥጡን ፍታው። አዎ፣ እሱ ነው። ከላይ በኩል እንዴት እንደሚያምር እየው፤ ከዚያ ገልብጠህ ውስጡን እየው። ስታበቃ ኪስህ ውስጥ ክተተውና በመጀመሪያው መኪና ወደ ቦንጋ ና። ሌላ ጥርስ እሠራልሻለሁ እያልክ እንዳትመጣ። ገንዘብም፣ ነጠላም ይዘህ አትምጣ። ፊቷ ቁጭ ብለህ አንዲት ነገር ብቻ ትነግራታለህ፤ «እማዬ፣ አንቺ ንጹሕ ነበርሽ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ትላታለህ። እኔ ነግሬያታለሁ፤ ዶክተሯም ነግራታለች። አልሰማም አለችን። ልጇ ሐኪም ነው፤ ልጇ ካለው ውጭ አትቀበልም።

ዛሬ ጠዋትም ይህን ልጽፍ ስቀመጥ በረንዳው ላይ ቡሩሿን ይዛ ጎንበስ ብላ ነበር። ጠጋ ብዬ አየኋት። ባዶውን ቦታ ነው የምትቦርሸው።

እህትህ
ዙፋን