አባቴ የሠራቸው ጥርሶች ባለቤቶቻቸው እጅ እስኪገቡ

«ገና የዲግሪዋ ቀለም ሳይደርቅ ኑዛዜ ምን አስቸኮላት?» ያላላችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ሐሙስ ጠዋት የልብ ቀዶ ሕክምና አለብኝ። ሐኪሟ «አብዛኞቹ በሰላም ይነሳሉ» ብላኛለች፤ እኔም ከአብዛኞቹ ጋር ለመነሳት ቆርጫለሁ። ይሁን እንጂ በእጄ የሰው አደራ አለ፤ አደራ አንጠልጥሎ የተኛ ሰው ደግሞ እንቅልፉ አይጥምም።

ስለዚህ ዛሬ ማክሰኞ፣ በወሩ በሁለተኛው ሳምንት፣ በአባቴ ቤት የፊት ክፍል አልጋዬን ተደግፌ፣ አእምሮዬ የተሟላ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ (አክስቴ ሾርባ ካስገደደችኝ በቀር) ይህን ቃሌን በምስክሮች ፊት እናገራለሁ። የምናገረውን የሚጽፉልኝ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ናቸው። የሚያኝኩት አባቴ በሠራላቸው ጥርስ ስለሆነ ለማን እንደሚያደሉ ይታወቃል፤ ነገር ግን ከውርሱ ድርሻ የላቸውም። ሁለተኛዋ ምስክር ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት።

አባቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠሪ ነበር። ወራሾቹ ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። ተስማምተን ስንጠይቅ ፍርድ ቤቱ እኔን የውርስ አጣሪ አድርጎ ሾመኝ። የተረፈው ይህ ቤትና የጓሮው መሥሪያ ክፍል ነው። በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ጥርሶች ከነጀሶ ቅርጻቸው ተደርድረው ባለቤቶቻቸውን ይጠብቃሉ። ቤት ይካፈሉታል፣ ወንበርም ይካፈሉታል፤ ለአንዲት አሮጊት ድድ ተለክቶ የተሠራ ጥርስ ግን ለማንኛችንም አይሆንም። ወንድሜ አንዱን አፉ ውስጥ ከቶ መስተዋት ፊት ሲያላግጥ፣ በአክስቴ ማንኪያ ጣቱን መመታቱ ለዚህ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ክፍል ያለ አጣሪ ፊርማ አንዲት ነገር አትወጣም። ሥልጣኔ ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ካልተራዘመ ክፍሉ ይታሸጋል፤ በር የሚያንኳኳ ሰው በድዱ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መጥተው «የልጄ ሠርግ ደርሷል፤ ፎቶ ስነሳ አፌን በእጄ ሸፍኜ ልቆም ነው?» አሉኝ። ፈርሜ ሰጠኋቸው። መስተዋቱ ፊት ሳቁ፤ ደስታቸው ደህና ዋሉ ማለቱን አስረስቷቸው ወጡ። አባቴን እንደዚያን ቀን የናፈቅሁበት ጊዜ የለም።

ለዚህም ሥልጣኔ እንዲራዘም፣ ሐሙስ ባልነሳም አክስቴ በምትኬ እንድትሾም የሚል ማመልከቻ አዘጋጅቻለሁ። አክስቴ ከአባቴ ጎን ተቀምጣ ጥርስ ስትወለውል የኖረች ናት፤ የቀረውንም የምትጨርሰው እሷው ናት። እኔ ፈርሜያለሁ። የጎደለው የወንድሜ ፊርማ ነው።

ጋሼ፣ ለምን እንደማትፈርም አውቃለሁ። ሚስትህና መንታዎቹ በአንዲት የኪራይ ክፍል ተጣበዋል፤ ውርሱ ካልተዘጋ ደግሞ ቤቱን መካፈል አንችልም። አልፈርድብህም። ከቤቱ የሚደርሰኝ ድርሻ ለመንታዎቹ እንዲሆን ተናዝዣለሁ። ይህ ለክፉ ቀን ነው። ለደጉ ቀን ደግሞ የውርሱን መዘጋት ሳትጠብቁ እዚህ ክፍል ግቡ፤ እኔ አክስቴ ጋ እተኛለሁ፤ ማንኮራፋቷን ለምጄዋለሁ።

«ማነው የሚያንኮራፋው?» አለች አክስቴ።

ለአክስቴ የምርቃቴን ፎቶ ትቼላታለሁ፤ አባቴ ባልደረሰበት በዚያ ቀን በሁለት ሰው ድምፅ ጮኻልኛለችና። ሥራ ያመለከትኩባቸው መሥሪያ ቤቶች ከደወሉ ደግሞ «ትመጣለች፣ ጠብቋት» በሏቸው። ቦታውን ለሌላ እንዳይሰጡብኝ!

እዚህ ላይ በሩን ተደግፎ ሲያዳምጥ የቆየው ወንድሜ አቋረጠኝ። መምህሩ «ይጻፍ?» አሉ። «ይጻፍ» አልኩ።

«ክፍል ማን ጠየቀሽ፣ አንቺ ልጅ?»

«ታዲያ ምን ያዘህ?»

«‹ባልነሳ› የሚለው ነው የያዘኝ። እህቴ ባትነሳ ብዬ አልፈርምም። እጄ አይታዘዘኝም።»

«አንተ ደግሞ!» አለች አክስቴ፤ «ወረቀት ሰው ይገድላል እንዴ?»

«አይገድልም። ግን አልፈርምም።»

ይህን ያህል ጊዜ የተኮራረፍነው በክፍል መስሎኝ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ማልቀስ ተከልክያለሁና «በቃ ይሰረዝ» አልኩ። መምህሩ ማመልከቻውን ተቀብለው ያንን መስመር ሰረዙት። በቦታውም እንዲህ ተጻፈ፦ ከዛሬ ጀምሮ አክስቴና እኔ በአንድነት አጣሪ እንድንሆን፤ አንዳችን በሌለንበት ሌላዋ ብቻዋን እንድትፈርም፤ ሥልጣኑም የመጨረሻው ጥርስ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ እንዲራዘም።

ወንድሜ መምህሩን ሁለት ጊዜ አስነበባቸው። «አንዳችን በሌለንበት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሾፌር ነው፤ መንገዱ የት እንደሚያደርስ ጠፍቶት አይደለም።

«በሌለንበት ማለት እንግዲህ ገበያ እንደ መሄድ ነው፣ አይደል?» አለ።

«እንደ ገበያ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት የለምና የምሽረውም የለኝም። ቃሌ ተነብቦልኝ «አዎ፣ የእኔ ነው» ብዬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዥ፦ (ፊርማ)

ምስክር፣ መምህሩ፦ (ፊርማ)

ምስክር፣ ልብስ ሰፊዋ፦ (ፊርማ)

ወራሽ፣ ታላቅ ወንድም፣ በገዛ እጁ ጽሑፍ፦ «ማመልከቻው ላይ ለሁለታችሁም ፈርሜያለሁ። መንታዎቹን ከሆስፒታል ስትወጪ አመጣቸዋለሁ፤ አልጋሽ ላይ ቢዘሉ ተቆጪያቸው። ሐሙስ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ነኝ። ዓይንሽን ስትገልጪ ‹ጋሼ› በይኝ፤ ሌላ መልስ አልፈልግም።»